በዓላትን በኮላና በመቆንጠጫ፦ «የዓለም በዓላት ቀን» ለሚለው ሐሳብ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን መምህራን እየተቀባበሉ የሚያነቡት አንድ ጽሑፍ አለ። ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ያሉ ልጆች የሌሎችን ሕዝቦች በዓላት እንዲያውቁ በየትምህርት ቤቱ በዓመት አንድ ጊዜ «የዓለም በዓላት ቀን» ይዘጋጅ ይላል። አካሄዱ ኅዳር 29 በየትምህርት ቤቱ ከሚከበረው የብሔር ብሔረሰቦች ቀን የተቀዳ ነው፤ 12 ክፍሎች 12 ሀገሮችን ይከፋፈላሉ፣ እያንዳንዱ ክፍል ጠረጴዛውን በባንዲራ፣ በልብስና በምግብ ያስጌጣል፣ ወላጅ ይጠራል፣ ፎቶ ይነሳል። ጸሐፊው ሐሳባቸውን የደገፉት እንዲህ ብለው ነው፦ ትንንሽ ልጆች ከዚህ የጠለቀ አይገባቸውም፤ የራሳቸውን በዓል ስለሚያውቁት ጊዜው ለሩቁ ይሰጥ፤ ጭቅጭቅ እንዳይነሳ ሃይማኖት ይውጣ፤ ከሌላ ቦታ የመጡ ልጆች የራሳቸውን ራሳቸው ያስረዱ፤ በአንድ ቀን መጨረሱ ደግሞ ወጪ ይቆጥባል።

ፍላጎታቸው መልካም ነው። «ምንም ካለማድረግ ይሻላል» የሚላቸውም አይጠፋም። እኛ ግን አይሻልም ባዮች ነን፤ ምክንያታችንን በየነጥቡ እንዘረዝራለን።

ከሒሳቡ እንጀምር። የጠዋቱ ዝግጅት ከ2፡30 እስከ 5፡30 ቢቆይ 180 ደቂቃ ነው፤ ለ12 ሲካፈል ለአንድ ሀገር 15 ደቂቃ ይደርሳል። ንግግሩ፣ የእንግዶች መቀመጥ፣ የሚጮኸው ማይክራፎን ሲቀነስበት 10 ደቂቃ ቢተርፍ ነው። የ2ኛ ክፍል ልጅ ሁለት ሳምንት የተለማመደውን ጭፈራ በ10 ደቂቃ አሳይቶ የቀረውን ጊዜ ፀሐይ ላይ ቆሞ ከፊቱ ያለውን ልጅ ማጅራት ሲያይ ያረፍዳል።

ይህ ግን ቀላሉ ችግር ነው። ከባዱ «አንድ ሀገር፣ አንድ ጠረጴዛ» የሚለው አከፋፈል ነው፤ በዓላት በባንዲራ ተከፋፍለው አይገኙም። ኖውሩዝ የፀደይ አዲስ ዓመት ነው፤ የኢራን ጠረጴዛ ይውሰደው ቢባል አፍጋኖች፣ ታጂኮች፣ አዘርባጃኖችና ኩርዶችም የእኛ ነው ይላሉ፣ እውነታቸውንም ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2009 ሲመዘግበው በ7 ሀገሮች ስም ነበር፤ በ2016 ቁጥራቸው 12 ደረሰ። የጸሐፊው 12 ጠረጴዛ በሙሉ በኖውሩዝ ብቻ ይያዝ ነበር ማለት ነው። «የእስያ አዲስ ዓመት» የሚል ጠረጴዛ ቢዘጋጅም አይሠራም፤ ጃፓን እ.ኤ.አ. ከ1873 ጀምሮ ዓመቷን የምትቀይረው ጃንዋሪ 1 ነው። ቬትናም እንደ ቻይና በጨረቃ ትቆጥራለች፤ ነገር ግን ቻይናዎች የጥንቸል ዓመት የሚሉትን ቬትናሞች የድመት ዓመት ይሉታል።

ሌላው ጣጣ ደግሞ በአንድ ሌሊት ከኢንተርኔት ተለቅሞ የሚመጣው ሥዕል ነው። የሜክሲኮን የሙታን ቀን የሚፈልግ መምህር መጀመሪያ የሚያገኘው አጽም መስለው በሜክሲኮ ሲቲ ጎዳና የሚሰለፉ ሰዎችን ፎቶ ነው። ያ ትልቅ ሰልፍ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው፤ ያውም አንድ የስለላ ፊልም ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት እንዲህ ያለ ሰልፍ እንዳለ አስመስሎ ካሳየ በኋላ። ነባሩ በዓል ቤት ውስጥና መቃብር ቦታ ነው የሚውለው። በእኛ ጥቅምት 22 እና 23 ግድም የሟቹ ፎቶ በመደብ ላይ ይደረጋል፣ ብርቱካንማ አበባ ይነሰነሳል፣ በሕይወት ሳለ ይወደው የነበረው ምግብና ለቀኑ የተጋገረ ዳቦ ይቀርብለታል። ተዝካር ለሚያውቅ ልጅ ይህ ሊገባው የሚችል ነገር ነው። የካርቶን አጽም ጭንብል ግን የሚያስተምረው ሜክሲኮዎች በሞት እንደሚቀልዱ ብቻ ነው።

«ከባንዲራና ከልብስ ያለፈ አይገባቸውም» የሚለውን ነው አጥብቀን የምንቃወመው። ትንሽ ልጅ የማይገባው ረቂቅ ንግግር ነው፤ በእጁ የሚይዘውን፣ የሚቆጥረውንና የሚያበቅለውን ነገር ይገባዋል። ስለዚህ 12 ሀገር ትተን አንድ ጥያቄ እንያዝ፦ ዓመት የሚጀምረው መቼ ነው፣ ማን ወሰነው? ለዚህ 6 ሳምንት፣ በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ ይበቃል። ዋናው መሣሪያ በክፍሉ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ክብ የቀን መቁጠሪያ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የዕቃ ካርቶን ተዘርግቶ መሃሉ ላይ ምስማር ይተከላል፤ 30 ሳንቲ ሜትር ሲባጎ ከምስማሩ ወደ እርሳስ ታስሮ ክብ ይዞርበታል። የክቡ ዙሪያ 188 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ስለዚህ አንድ ቀን ግማሽ ሳንቲ ሜትር፣ አንድ ወር 15 ሳንቲ ሜትር ተኩል፣ ጳጉሜ ደግሞ 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ይይዛሉ። ዙሪያው የሚለካው በማስመሪያ ሳይሆን ክቡ ጠርዝ ላይ በሚጠመጠም ሲባጎ ነው። አብዛኛው መምህር የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ክቡን እንደ ኬክ ለ12 እኩል ይቆርጠውና ጳጉሜ ቦታ ታጣለች። መጀመሪያ የጳጉሜን ቦታ መለየት፣ ቀጥሎ የቀረውን ለ12 ማካፈል ነው። ለ3ኛና ለ4ኛ ክፍል የፈረንጆቹ ወሮች መጀመሪያም በጠርዙ ላይ በሌላ ቀለም ይጻፋል፤ ጃንዋሪ 1 በታኅሣሥ 23፣ ሴፕቴምበር 1 በነሐሴ 26 ላይ ያርፋሉ። ከጳጉሜ 6 በኋላ ባለው ዓመት ጃንዋሪ በአንድ ቀን ወደ ኋላ ስለምትል ያኔ መስመሩን ማረም ያስፈልጋል።

ከዚያ በዓላቱ ይመጣሉ። ቀናቸው የማይነቃነቅ፣ ማለትም በፀሐይ ዓመት የሚቆጠሩት፣ ትንሽ ሥዕል ተሠርቶላቸው በኮላ ይለጠፋሉ፦ እንቁጣጣሽ መስከረም 1፣ መስቀል መስከረም 17፣ ጥምቀት ጥር 11፣ ኖውሩዝ መጋቢት 11 ወይም 12፣ የታይላንዱ አዲስ ዓመት ሶንግክራን ሚያዝያ 5። በጨረቃ የሚቆጠሩት ግን በልብስ መቆንጠጫ ጠርዙ ላይ ይያዛሉ፤ ምክንያቱም በየዓመቱ ይነሳሉ። ዒድ፣ ፋሲካ፣ በሕንድ የሚከበረው ዲዋሊ፣ የአይሁድ አዲስ ዓመት፣ የቻይና አዲስ ዓመት ሁሉም በመቆንጠጫ ናቸው። የቻይናው ከጥር 13 እስከ የካቲት 13 ባለው ጊዜ ውስጥ ይንቀሳቀሳል፤ ልጆቹ ያንን ቅስት ቀይ ቢቀቡት መቆንጠጫው ከዚያ እንደማይወጣ ያያሉ። ካርቶኑ ስስ ከሆነ መቆንጠጫው ያጥፈዋል፤ ሁለት ድርብ ማጣበቅ ነው።

«ኮላ ነው ወይስ መቆንጠጫ?» የሚለው ጥያቄ የ1ኛ ክፍል ልጅም የሚመልሰው ነው፤ ነገር ግን ከበስተጀርባው የፀሐይና የጨረቃ አቆጣጠር በሙሉ አለ። ለ4ኛ ክፍል ደግሞ ቁጥሩን መጨመር ይቻላል። ዒድ አልፈጥር በ2015 ሚያዝያ 13፣ በ2016 ሚያዝያ 2፣ በ2017 መጋቢት 21 ዋለ። ልጆቹ በክቡ ላይ ወደ ኋላ ይቁጠሩ፤ ሁለቱም ጊዜ 11 ቀን ነው። ለምን? 12 የጨረቃ ወር 354 ቀን ነው፣ የፀሐይ ዓመት 365 ነው፣ ሲቀናነስ 11። ታዲያ የቻይናውና የአይሁዱ ለምን ዓመቱን ሙሉ አይዞሩም? አንዳንድ ዓመት 13ኛ ወር ስለሚጨምሩ ነው፤ በ19 ዓመት ውስጥ 7 ጊዜ። 13ኛ ወር ሲባል የሌላ ሀገር ልጅ ይደነቅ ይሆናል፤ የእኛው ግን ጳጉሜን ያውቃታል። የሁለቱ ልዩነትም ቶሎ ይገባዋል፤ የእኛዋ በየዓመቱ አለች፣ አጭር ናት፤ የእነሱ ሙሉ ወር ነው፣ አልፎ አልፎ ነው የሚመጣው።

ጨረቃዋን በቃል ብቻ ማስተማር አይሠራም። አዲስ ጨረቃ በታየች በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ተጀምሮ ለ12 ምሽት ልጆቹ ከቤታቸው ደጅ ሆነው ይሣሏት። ሰዓቱ ከምሽቱ 12፡30 እስከ 1፡00 ቢሆን ጥሩ ነው፤ መጀመሪያ ላይ በምዕራብ ዝቅ ብላ ትታያለች፣ በየምሽቱ ወደ ምሥራቅ እየራቀች ትሞላለች። ክረምት ላይ ደመናው ስለማያሳይ ሥራው የበጋ ነው። ልጆች የሚሳሳቱት ማጭዷን በየቀኑ በተለያየ አቅጣጫ አዙረው በመሣል ነው። ወረቀቱ ላይ አስቀድሞ የቤት ጣሪያ ወይም የዛፍ ምልክት ይደረግና ጨረቃዋ ከዚያ አንጻር ትሣል።

ለእያንዳንዱ በዓል የሚጠየቀው አንድ ዓይነት ነው፦ ቀኑን ምን ይወስነዋል? ማን ከማን ጋር ይሆናል? በእናንተ ዕድሜ ያለ ልጅ ምን ያደርጋል? ምን ይታወሳል? ሦስተኛው ጥያቄ ዋናው ነው። የቻይና ልጅ በዋዜማው ከዘመድ ጋር እራት ይበላል፣ ከታላላቆቹ በቀይ ፖስታ አዲስ ብር ይቀበላል፤ በመጀመሪያው ቀን ቤት አይጠረግም፣ ዕድል አብሮ ይወጣል ስለሚባል። የእኛ ልጅም በእንቁጣጣሽ ብር ይቀበላል፤ ሴቶቹ አደይ አበባ፣ ወንዶቹ የሣሉትን ሥዕል ይዘው በየቤቱ ዞረው ነው እንጂ ተቀምጠው አይደለም። እዚህ ላይ «ያው አንድ ነው» ብሎ መዝጋት ስህተት ነው። ልጆቹ አንድ የሚመሳሰል፣ አንድ የሚለያይ ይናገሩ፤ ሁለቱም ካልተነገሩ ወደሚቀጥለው በዓል አይታለፍ።

ሥዕልና ፎቶም በጥንድ ይሁን። የበዓል ልብስ የለበሰ ልጅ ፎቶ በታየ ቁጥር ያው ሀገር በአዘቦት ቀን ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅም ይታይ። ይህ ካልተደረገ የ7 ዓመት ልጅ «ቻይናዎች ቀይ ነው የሚለብሱት» ብሎ ይወጣል፤ ጥፋቱ የእሱ አይደለም፣ ያሳየነው አንድ ፎቶ ብቻ ስለሆነ ነው።

ለኖውሩዝ የስንዴ ቡቃያ ማብቀል ይቻላል፤ ኢራናውያን በሰባቱ «ስ» ገበታ ላይ የሚያኖሩት ነው። ለአንድ ክፍል 200 ግራም ስንዴ ይበቃል። አንድ ቀን ከነሌሊቱ ይዘፈዘፋል፣ ውኃው ይጠነፈፋል፣ በሰሃን ላይ ከአንድ ፍሬ ውፍረት ሳይበልጥ ይነጠፋል፣ በእርጥብ ነጠላ ጨርቅ ይሸፈናል። ሲጎነቁል ጨርቁ ይነሳና ጠዋትና ማታ ውኃ ይረጭበታል። ብቅል ሲበቀል ያየ ልጅ እስከዚህ ያውቀዋል፤ ልዩነቱ ብቅል ሲጎነቁል ደርቆ ይፈጫል፣ ይሄኛው ሣር እስኪሆን ይቆያል። በ12 ቀን ገደማ ጣት ያህል ይደርሳል፤ ቆላ ላይ ይፈጥናል፣ ደብረ ብርሃን አካባቢ ሦስት አራት ቀን ይጨመርለት። የሚበላሸው ወይ ተደራርቦ ሲነጠፍ ነው፣ ይሞቅና ይሻግታል፤ ወይ ውኃ ሲተኛበት ነው፣ ይከረፋል። የተፈተገ ስንዴ ጭራሽ አይበቅልም። ከዘር መሸጫ የመጣ ቀለም ያለው ስንዴ ደግሞ መድኃኒት የተለወሰ ስለሆነ ለልጅ እጅ አይሰጥ።

ሰባቱ ነገሮች በፋርስኛ በአንድ ፊደል ነው የሚጀምሩት፦ ቡቃያ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ፖም፣ ኮምጣጤና የመሳሰሉት። በአማርኛ ሲነገሩ ያ ጨዋታ ይጠፋል። ስለዚህ ልጆቹ በእሳቱ «ሰ» የሚጀምሩ ሰባት ነገሮች ራሳቸው ይፈልጉ፦ ስንዴ፣ ሰሊጥ፣ ሱፍ፣ ሰናፍጭ፣ ስኳር፣ ሳንቲም፣ ሳር። ይህ የኢራናውያን ገበታ እንዳልሆነ፣ የእነሱ ለምን ሰባት «ስ» እንደሆነ ለመረዳት የተደረገ የፊደል ጨዋታ እንደሆነ ይነገራቸው። ሳር በንጉሡ «ሠ» ነው ብሎ የሚከራከር ልጅ ከተነሳ ክፍለ ጊዜው በዚያ ቢያልቅም አይቆጭም።

«የራሳቸውን ያውቁታል» ወደሚለው እንለፍ። እንቁጣጣሽ መቼ ነው ሲባሉ ያውቃሉ፤ ለምን ጳጉሜ አንዳንዴ 6 ትሆናለች ሲባሉ ግን ዝም ይላሉ። የአዲስ አበባ ልጅ የሲዳማን ፍቼ ጨምበላላ ከሶንግክራን የበለጠ ያውቃል ማለትም አይቻልም። ፍቼ የአዲስ ዓመት በዓል ነው፤ ቀኑን የሚወስኑት ሰማይ የሚያነቡ አዋቂ ሽማግሌዎች ናቸው፤ በዩኔስኮ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። በጨምበላላ ልጆች በየቤቱ እየዞሩ እንኳን አደረሳችሁ ይላሉ፣ ከእንሰት፣ ከወተትና ከቅቤ የተሠራ ቡሪሳሜ ይቀርብላቸዋል። የወላይታ ጊፋታም አዲስ ዓመት ነው። በክቡ ላይ እነዚህ ከቻይናውና ከኖውሩዙ እኩል ቦታ ሲያገኙ «የእኛ» እና «የሩቅ» የሚለው ግድግዳ ራሱ ይቀልላል። ጸሐፊው ግን ሩቁን በጠረጴዛ፣ ቅርቡን በኅዳር 29 ከፋፍለው አስቀምጠውታል።

ሃይማኖት ይውጣ ለሚለው ሕገ መንግሥቱን መጥቀሳቸው ተገቢ ነው፤ አንቀጽ 90 ንዑስ አንቀጽ 2 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ እንዲሰጥ ያዛል። መስበክና ማሳወቅ ግን ለየቅል ናቸው። ሃይማኖቱ የወጣለት መስቀል የእንጨት ቃጠሎ ነው። ቤተ እስራኤላውያን ከአይሁድ የስርየት ቀን ከዮም ኪፑር በኋላ በ50ኛው ቀን የሚያከብሩት፣ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በእስራኤል በሕግ ብሔራዊ በዓል የሆነው ሲግድ ጾሙ፣ የቄሶቹ ንባብና ጸሎቱ ከወጡለት ተራራ መውጣት ብቻ ይቀረዋል። ዲዋሊም «የመብራት በዓል» ተብሎ ሲታለፍ ብዙ ነገር ይቀራል፤ ብዙ ሂንዱዎች የአምላካቸውን የራማን ወደ ከተማው አዮድያ መመለስ ያስታውሱበታል፣ የሌሎች የሕንድ ሃይማኖቶች ተከታዮች ከሆኑት ደግሞ ጄይኖች የመምህራቸውን የማሃቪራን ከዓለም መለየት፣ ሲኮች የመሪያቸውን የጉሩ ሃርጎቢንድን ከእስር መፈታት። አንድ መብራት፣ ሦስት ትዝታ፤ የ4ኛ ክፍል ልጅ ይህንን በደንብ ይይዘዋል።

ጥንቃቄው ያለው በአነጋገሩና በድርጊቱ ላይ ነው። መምህሩ «ሂንዱዎች እንዲህ ብለው ያምናሉ»፣ «ክርስቲያኖች ይህን ያስታውሳሉ»፣ «ሙስሊሞች በዚህ ቀን እንዲህ ያደርጋሉ» ይበል፤ «እኛ» የምትለዋ ቃል በክፍል ውስጥ ለማንም ሃይማኖት አትዋል፣ የሁሉም ልጅ ወላጅ አንድ ዓይነት ቢሆን እንኳ። ግንባር ላይ ቀለም መቀባት፣ መስገድ፣ ጸሎት ማስነበነብ፣ ሻማ ከምርቃቱ ጋር ማብራት በጨዋታ መልክም አይደረግ። ከሳምንት በፊት ለወላጅ የሚላከው ማስታወሻ አጭር ይሁን፦ «በሚቀጥሉት 6 ሳምንታት ልጆች በተለያዩ ሕዝቦች ዘንድ አዲስ ዓመት እንዴት እንደሚቆጠር ይማራሉ። በክፍል ውስጥ የአምልኮ ሥርዓት አይፈጸምም፣ ምግብም አይቀርብም።» የመጨረሻዋ ሐረግ ብዙ ጣጣ ታስቀራለች። ትምህርቱ በሚሰጥበት በየካቲትና በመጋቢት ዐቢይ ጾም አለ፣ ረመዳንም በእነዚህ ዓመታት እዚያው አካባቢ ይውላል፣ ለውዝ የማይስማማው ልጅም ይኖራል። የ12 ሀገር ምግብ በአንድ ጠዋት ማቅረብ ጾመኛውን ልጅ ከጓደኞቹ ፊት ለብቻው ማቆም ነው።

ልጆቹ ራሳቸው ያስረዱ የሚለው ጨዋነት ይመስላል፤ ለልጁ ግን ፈተና ነው። ከየመን ወይም ከደቡብ ሱዳን የመጣ የ8 ዓመት ልጅ ስለ ሀገሩ በዓል ከክፍል ጓደኞቹ እምብዛም የማይሻል ዕውቀት ሊኖረው ይችላል፤ ሲጠየቅ ወይ ያፍራል ወይ ይፈጥራል። አሜሪካና አውሮፓ የሚያድጉ የእኛ ልጆች «የኢትዮጵያን ጠረጴዛ አንቺ ያዢ» ሲባሉ የሚደርስባቸውም ይኸው ነው፤ ያልኖሩበትን ሀገር ወክለው እንጀራ ይዘው ይቆማሉ። መምህሩ ትምህርቱን ራሱ ተዘጋጅቶ ይስጥ፤ መጨረሻ ላይ ለሁሉም «የሚጨምር አለ?» ይበል፣ ስም አይጥራ። የሚፈልግ እጁን ያወጣል።

ስለ ወጪው ብዙ አንልም። የ12 ሀገር ልብስ ኪራይ ወላጅ ላይ ነው የሚወድቀው፤ ካርቶን፣ ሲባጎ፣ ኮላ፣ አሥር መቆንጠጫና 200 ግራም ስንዴ ግን ከአንድ ሱቅ ይገኛል። ሰዓቱ ከየት ይመጣል ለሚለው፣ ከ12ቱ ክፍለ ጊዜ መለካቱና መቀነሱ የሒሳብ፣ ቡቃያውና ጨረቃዋ የአካባቢ ሳይንስ፣ ሰባቱ «ሰ» የአማርኛ ሥራ ናቸው፤ ተጨማሪ የሚጠየቀው ከአራት ወይም ከአምስት አይበልጥም። የካቲት መጀመሪያ ላይ ክቡን መሥራት የጀመረ ክፍል ኖውሩዝ ላይ ይደርሳል፤ ስንዴው ብቻ ከየካቲት 28 እንዳያልፍ፣ አለበለዚያ መጋቢት 11 ቀን ሰሃኑ ላይ የሚኖረው ነጭ ሥር ነው።